የጎደለው ሊትር

መጥበሻው ተንጣጣ።

ነርሷ ጮኻ ወደ ኋላ ዘለለች። በጋለው ዘይት ላይ ከጀሪካኑ ጥቂት ልትጨምርበት ስትል ፍንጣሪው እጇን ለበለባት። ጀሪካኑን ደፋ አድርጋ በመዳፏ ተቀበለች።

ውሃ ነበር።

ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ዘይት በካርድ ነው፤ ለአንድ ሰው በወር አንድ ሊትር። በአንድ ግቢ የተከራዩት ነርሷ፣ ልብስ ሰፊዋና ጡረተኛዋ አስተማሪ ራሽናቸውን አንድ ላይ አድርገው በአንድ ኩሽና ያበስላሉ። ድስቱ የጋራ ነው። ሐሜቱም የጋራ ነው።

የራሽን ስርቆት በጦርነት ጊዜ ያሳስራል። ነርሷ ግን ደሟ ፈልቶ ነበርና ይህን ሳታስብ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ረፋዱ ላይ ሃምሳ አለቃዋ መጣች። ኮስታራ ሴት ናት። የኩሽናውን ቁልፍ አገላብጣ አየች። አልተሰበረም።

«ማንን ትጠረጥሪያለሽ?»

ነርሷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልብስ ሰፊዋን። ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውለው እሷ ናት። ሽርጧንም እዪው።»

ልብስ ሰፊዋ በወታደር ዩኒፎርም ክምር መሀል ተቀምጣ ትሰፋ ነበር። ሽርጧ ላይ ሰፊ የዘይት እድፍ አለ። ሃምሳ አለቃዋ ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

«የስፌት መኪና ዘይት ነው» አለች።

«ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ ነገሩ ገባት። ወደ ነርሷ ዞረች። «እኔን ነው? ስድስት ዓመት አብረሽኝ በልተሽ፣ እኔን ነው?»

ነርሷ የተቃጠለ እጇን በነጠላዋ ሸፈነች።

«የተወለድኩበትን ከተማ ጠላት ስለያዘው እኔም ሌባ ሆንኩ?»

ሳህኗን ከኩሽናው አንስታ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች።

ሃምሳ አለቃዋ በጀሪካኑ የቀረውን በመለኪያ አወጣችው። አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውሃ።

«ራሽን ከመጣ ስንት ቀን ሆነው?»

«ሃያ ስምንት።»

«ዘይት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል» አለች ሃምሳ አለቃዋ። «ውሃው ራሽኑ በመጣ ቀንም ቢገባ፣ ቀድሞ የሚቀዳው ዘይቱ ነው። ስለዚህ ትናንት ማን እዚህ ነበር ማለት ምንም አይጠቅመንም። ከእናንተ ውስጥ ዘይት የማይበላ አለ?»

«እትዬ ብቻ ናቸው፤ አስተማሪዋ። ልቤን ያቃጥለኛል ብለው ለብቻቸው ቅቅል ድንች ይበላሉ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ነርሷ ቀኑን በጣቷ ቆጠረች። «ራሽን ከመጣ ማግስት ጀምሮ።»

«ሰልፍ የቆመውስ ማን ነበር?»

«እሳቸው። የሦስታችንንም ካርድ ይዘው የሚሄዱት እሳቸው ናቸው።»

አስተማሪዋ በረንዳ ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። ፖሊሷን ሲያዩም ለቀማውን አላቋረጡም።

«እትዬ፣ በዚያን ቀን ስንት ሊትር ይዘው ገቡ?»

«ሁለት።»

«ሦስተኛውስ?»

አስተማሪዋ ወደ ተዘጋው በር አዩና ድምጻቸውን ቀነሱ። «የእደላው ጸሐፊ የልጅቷን ካርድ አይቶ፣ ከተማዋ በጠላት እጅ ስለሆነ ስሟ ይሰረዛል አለኝ። ዱቄቷ፣ ስኳሯ፣ ሁሉም ሊቀርባት ነው። አንድ ሊትር ከተዉልኝ እንዳላየሁ እሆናለሁ አለ። የራሴን ድርሻ ሰጠሁት። ነገሩ እሷ ጆሮ እንዳይደርስ ጀሪካኑን በውሃ ሞላሁት። እኔ ዘይት ካልነካሁ ለሁለቱ ይበቃል ብዬ ነው። ዛሬ ውሃውን ልደፋው ነበር፤ ይቺ ቀደመችኝ።»

«እንዲህ የሚል መመሪያ የለም፣ እትዬ። ሰውዬው ከራሱ ፈጥሮ ነው ያስፈራራዎት።»

በሩ ተከፍቶ ነበር። ልብስ ሰፊዋ መቃኑን ይዛ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

አስተማሪዋ ቃላቸውን ሰጥተው ፈረሙ። ከሰዓት በኋላ የጸሐፊው ቤት ሲፈተሽ አልጋው ሥር ሃያ ሦስት ሊትር ዘይት ተገኘ። ሁሉም በጠላት ከተያዙ ከተሞች ተወላጆችና ከወዳጆቻቸው የተወሰደ ነበር። ለምን እነሱን ብቻ እንደመረጠ ሲጠየቅ፣ «ስለሚፈሩ አይከሱኝም ብዬ ነው» አለ። ሃምሳ አለቃዋ በመዝገቡ ላይ አስተማሪዋን ከተበዳዮቹ ተርታ ጻፈቻቸው።

ልብስ ሰፊዋ በረንዳው ላይ አስተማሪዋ እግር ሥር ተቀመጠች።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ሸክም አልሆንባችሁም ብለሽ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ትሄጂ ነበር። አውቅሻለሁ።»

«ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ ቅቅል ድንች?»

«አንገሽግሾኛል፣ ልጄ» አሉ አስተማሪዋ። ልብስ ሰፊዋ እየሳቀችም እያለቀሰችም ጉልበታቸው ላይ ተደፋች።

ነርሷ የምትገባበት ጠፍቷት ከወዲያ ወዲህ ትል ነበር። በመጨረሻ ቢላዋና ሁለት ራስ ሽንኩርት ይዛ መጥታ ፊት ለፊታቸው ቆመች። የተቃጠለው እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«እኔ ይቅርታ መጠየቅ አልችልበትም» አለች። «አፈር ልሁንልሽ። ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ ፋሻውን አየች። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«ቢላዋውን አምጪ» አለች። «በአንድ እጅሽ ልትከትፊ ነው እንዴ?»