ጣሪያው ላይ የሚወድቁት

«አትተንፍሺበት!» አለች አክስቷ ከታች። «ቀስ ብለሽ አሽከርክሪው እንጂ አትፈግፍጊው። ድስት መሰለሽ እንዴ?»

ጭምቷ የእንጨት መወጣጫው ሳንቃ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። ጥጥ የተጠቀለለበትን ቀጭን እንጨት በምራቋ እያረጠበች፣ ከአፍንጫዋ አንድ ክንድ በማይርቀው የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ በዝግታ ታሽከረክረዋለች። ሠዓሊ አክስቷ «የድሮ ሥዕል በምራቅ ነው የሚጸዳው» ስትላት መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ነበር። አሁን ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ጥጡ በጠቆረ ቁጥር ሌላ እየለወጠች፣ ስንት ዘመን የተጠራቀመ የሻማ ጥላሸት ከጣሪያው ላይ ትለቅማለች።

ከጥላሸቱ ሥር አንድ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ላባ ነበር። ቀጥሎ ሌላ ላባ፣ ከዚያ ወደ ላይ የተሰቀለ ባዶ እግር።

«አክስቴ፣ ይሄም መልአክ እየወደቀ ነው።»

«በዚያ በኩል ያሉት ሁሉም እየወደቁ ነው። የቆሙት በእኔ በኩል ናቸው። እኔ ወደዚያ ጥግ ልታጠፍ ብል ወገቤ እሺ አይለኝም፤ የወደቁት የአንቺ ድርሻ ናቸው።»

ጭምቷ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ወሬ ከተወች ወዲህ የወጣላት ነው። ከስምንት ወር በፊት ቤቱን በወሬ የምትሞላው እሷ ነበረች። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ወንድሟን ማሙሽን ትኩሳት ያዘው። ሳምንት ሙሉ እንደ ፍም ሲነድ እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተንበርክካ፣ ጉልበቷ እስኪላጥ ፈጣሪዋን ለመነች። ማሙሽ ከአልጋው ተነሣ፤ ጆሮዎቹ ግን አብረውት አልተነሡም።

ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «እንኳን ነፍሱ ተረፈች» አለ። እሷ ግን ሆድ ባሳት። ያን ያህል ለምናው ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳላት ቆጠረችው። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ለጸሎት ሲቆም ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። እናቷና አባቷ ከማሙሽ ጋር የምልክት ቋንቋ ሊማሩ ሲሄዱም «ፈተና አለብኝ» እያለች ትቀራለች። ፈተናው ካለቀ በኋላም ፈተና ነበረባት። እጇን ለዚያ ቋንቋ ከሰጠች፣ የሆነውን ነገር «ይሁን» ብላ የምትቀበል ይመስላት ነበር።

ይህን የምታውቅ አንዲት ጓደኛዋ ብቻ ናት። ክፍል ውስጥ የማታውቀው ነገር ስለሌለ «ፕሮፍ» ይሏታል። ጭምቷ ምስጢሯን ስትነግራት ፕሮፍ አቅፋት፣ «በቃ ነቃሽ! እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት። በዚያን ቀን ይህ ቃል ደስ አሰኝቷት ነበር።

ቀትር ላይ ፀሐይ በላይኛው መስኮት ገብታ አቧራውን ወርቅ አስመሰለችው። አክስቷ ቀለም ልትበጠብጥ ወጣች። ጭምቷ ዐይኗን ለአፍታ ጨፈን አደረገች፤ ወዲያው ጣሪያው ከላይዋ ተነሥቶ የሄደ መሰላት። ክንፍ ነበራት። ከታችዋ ምንም የለም፤ ከላይዋም ምንም የለም። ሰውነቷ እንደ ጥጥ ቀሏታል። ነፋስ የለም፣ ድምፅ የለም፣ ማንም «ነይ» አይላትም፣ ማንም «ተይ» አይላትም። እየበረርኩ ነው ብላ ፈገግ አለች። ዘወር ስትል በዙሪያዋ ሌሎች ክንፋሞች አየች፤ እነሱም ፈገግ ብለዋል። እጇን ብትዘረጋ አንዳቸውም እጃቸውን አልሰጧትም። ያኔ ላባዎቿ ሁሉ ወደ ላይ እንደተገለበጡ አስተዋለች።

ደንግጣ ነቃች። ጣሪያው በቦታው አለ። ስታየው በዚያ ሁሉ ሳምንት ያላየችውን አየች፤ ከሚወድቁት መካከል አንዱም የሌላውን እጅ አልያዘም።

«አክስቴ፣ ግን ምን አድርገው ነው የወደቁት?» አለች፣ አክስቷ ቀለሙን ይዛ ስትመለስ።

አክስቷ መሰላሉ ላይ ተቀመጠች። «የድሮ ሰዎች ሲያወሩ፣ ፈጣሪ መላእክትን ፈጥሮ ለጥቂት ጊዜ ተሰወረባቸው ይላሉ። ዝም አላቸው። ያኔ አንዱ፣ ከሁሉም የሚያምረው፣ «የፈጠርኳችሁ እኔ ነኝ» አለ። አንዳንዶቹ አመኑት። ሌሎቹ ደግሞ፣ «አናየውም፣ ግን እስኪገለጥ ድረስ ከቆምንበት ንቅንቅ አንልም» አሉ።»

«እና ለምን ዝም አላቸው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አክስቷ ብሩሹን ጠረገች። «እኔ ራሴ ስድስት ዓመት ሙሉ ፈጣሪን ጥዬ ሄጄ ነበር። ለማንም አልነገርኩም።»

«ምን ሆንሽ ታዲያ?»

«ምንም። የሚያስፈራው እሱ ነው። መብረቅ አልመታኝም። ሠራሁ፣ በላሁ፣ ሣቅሁ። አንድ ቀን ግን እናትሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስታለቅስ፣ እኔ የግድግዳውን ቀለም እያየሁ ነበር። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ አላውቅም። በዝግታ ነው የሚወርደው፣ የእኔ ልጅ። በጣም በዝግታ።»

ጭምቷ ጥጧን ለወጠች።

ከምሳ በኋላ ፕሮፍ መጣች። አክስቷን «እንደምን ዋልሽ፣ እትዬ» ብላ መሰላሉን እንደ ድመት ወጣችውና ጭምቷ አጠገብ ተንጋለለች። ጣሪያውን ስታይ አፏን ከፈተች።

«አቦ! አሪፍ ናቸው እኮ! እነዚህ ነፃ የወጡት ናቸው አይደል?»

«የወደቁት ናቸው።»

«ያው ነው። ቢያንስ የሚያዛቸው የለም።» ፕሮፍ ክንዷን ተንተራሰች። «አንቺ ደግሞ እዚህ ተኝተሽ እንዳትለወጪብኝ። ለአምላክ ማውራት ማለት እኮ ለማሙሽ ስልክ መደወል ነው!»

ጭምቷ ሳቀች። ሳታስበው፣ ከሆዷ ሳቀች። ሳቋ ጣሪያው ሥር ተንከባሎ ተመለሰ። ፕሮፍም አብራት ተንከተከተች።

ጭምቷ እንባዋን ልትጠርግ ወደ ጎን ዞር ስትል ከታች ማሙሽን አየችው። ሥዕሉን ሊያይ ከቤት መጥቶ፣ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። ሲስቁ አይቷቸዋል። በምን እንደሚስቁ አላወቀም፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ጥርሱ ሁሉ እየታየ፣ እንዳይቀርበት የቸኮለ ይመስል፣ ያለ ልክ ይስቃል።

ጭምቷ ሳቋን አቆመች። መወጣጫው ከሥሯ የሸሸ ይመስል እንጨቱን በሁለት እጇ ያዘች።

«ምን ሆንሽ?» አለች ፕሮፍ። «አይሰማም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«እና? ቀልድ ነው። ፋራ አትሁኚ።»

«ፕሮፍ፣ ውረጂ።»

«የምርሽን ነው?»

«የምሬን ነው። ሌላ ቀን እናወራለን። አሁን ውረጂ።»

ፕሮፍ ትንሽ አየቻት። ከዚያ ወረደች። በማሙሽ አጠገብ ስታልፍ ፀጉሩን ዳበሰችው፤ ፊቷ ቀልቶ ነበር። ማሙሽ በእጁ አንድ ነገር ጠየቃት። እሷ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ወጣች። ማሙሽም ዞሮ ያንኑ ጥያቄ ለእህቱ ደገመላት። ጣቶቹ ወደ ጣሪያው ሄዱ፣ ተገለበጡ፣ ደረቱ ላይ ተመለሱ፤ ጠበቀ።

አንዱም አልገባትም። ስምንት ወር ሙሉ አብራው ከአንድ ገበታ በልታ፣ ወንድሟ የጠየቃትን አታውቅም። ማሙሽ እጁን ዝቅ አደረገና ሄዶ የበሩ ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

አክስቷ ሁሉንም አይታለች፤ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ሥራዋን ቀጠለች።

ጭምቷ እንደገና ተንጋለለች። የሚወድቀው መልአክ ከአፍንጫዋ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። ፊቱ ከላዩ ያሉትን አያይም፤ አጠገቡ ያሉትንም አያይም። ከእሱ አልፋ፣ ገና ጥላሸቱ ያልተነሣለትን ጥቁር ቦታ አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን ድምፅ ነበረው።

«ተቀይሜሃለሁ» አለች።

ጥሩ ጸሎት አልነበረም። ንፍጧ ይወርዳል። «በጣም ተቀይሜሃለሁ። ለምኜህ ነበር። ዝም አልከኝ። አሁንም ዝም ብለሃል።» ትንሽ ጠበቀች። መልስ አልመጣም። «እሺ። ግን ጥዬህ አልሄድም።»

መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን ትንሽ ፈቀቅ አለ። ምናልባት ደመና ይሆናል።

ጥጧን አስቀምጣ መሰላሉን ወረደች። አክስቷ ዘወር ሳትል፣ «ዛሬ የምልክት ትምህርቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው አሉ» አለች፤ ለግድግዳው የምትናገር ትመስላለች።

«ሰማሁ።»

ማሙሽ ደረጃው ላይ ድንጋይ ይደረድራል። ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ትከሻውን ነካችው፣ ጣሪያውን አሳየችው፣ ከዚያ ሁለት እጆቿን መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርጋ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ማሙሽ ፊቷን አየ፤ የምታሾፍበት መስሎት ትንሽ ተጠራጠረ። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ በጥላሸት የጠቆሩትን ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈ አንድ ምልክት ሠራላት።

ምን ማለት እንደሆነ አላወቀችም። «ምን ማለት ነው?» ብላ የምትጠይቅበትን ምልክትም ገና አታውቅም። ስለዚህ ደግማ ሠራችው።