በራዲዮን የሞተችው ልጅ

አያታችሁን እንዴት እንዳገባሁት ሰፈሩ አንድ ወሬ አለው። ውሸት ነው። እውነቱን እኔው ላውራላችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባቴ አድማሴ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ የእህል ሱቅ ነበረው። አያታችሁ ወልደኢየሱስ ደግሞ የደብራችን ደብተራ፣ ቅኔ አዋቂ፣ ድምፁ ሸጋ። ረቡዕ ረቡዕ እቤታችን እየመጣ ለአባቴ ዳዊት ይደግምለታል። እኔ ውሃ አቀብላለሁ። ሲቀበለኝ ቀና ብሎ አያየኝም፤ ውሃው ግን ሁልጊዜ ዳዊቱ ላይ ይፈስበታል። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረን ነበር።

ከዚያ አባቴ ራዲዮን ገዛ። እሁድ እሁድ ጎረቤቱ ሁሉ ሱቃችን ደጅ ይሰበሰባል። አንድ ቀን ድራማ የሚሉት መጣ። ክፉው ሰውዬ የጎንደር ደብተራ ነው። ክታብ ጽፎ ልጅቱ ደጃፍ ይቀብራል። ልጅቱ እህል ትተዋለች፣ ብቻዋን ትስቃለች፤ ቤተሰቦቿ ለሱ አንሰጥም ሲሉ ጊዜ ትሞታለች።

እሁድ ሰማን፤ ሰኞ አባቴ ደጃችንን ይቆፍራል።

«አባዬ፣ ምን ጠፋብህ?»

«ዝም በይ! ያ ደብተራ ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳይረግጥ!»

«አምስት ዓመት ዳዊት የደገመልህ ሰው?»

«ራዲዮን ይዋሻል እንዴ? አዲስ አበባ ሆነው ያወቁትን እኔ እዚሁ ተቀምጬ ሳላውቅ!»

በሳምንቱ ለአንድ የሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴ ሊሰጠኝ ቃል ገባ።

ወልደኢየሱስን ገበያ መንገድ ላይ አገኘሁት። ጥምጥሙን ጥሎ ባርኔጣ ደፍቷል።

«ምነው? ማንን ልትመስል ነው?»

«ስሚ ይመኙሽ፣ ጥምጥሜን ሲያዩ ሴት ልጆቻቸውን ይደብቃሉ። እኔም ራሴን መጠራጠር ጀመርሁ።»

«ጥምጥምህን መልስ። የቀረውን ለኔ ተወው።»

እሁድ ምሳ አልበላም አልሁ። ሰኞም። ማክሰኞ ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ ሳቅሁ፣ ልክ እንደ ራዲዮኗ ልጅ። ተደብቄ ቆሎዬን እቆረጥም ነበር፣ አትንገሩብኝ። አባቴን ላብ አጠመቀው። የልጅቱን መጨረሻ ያውቀዋላ!

ረቡዕ ወልደኢየሱስን እየጎተተ አመጣው።

«ውሰዳት! ብቻ ፍታልኝ!»

«አያ አድማሴ፣ በእመቤቴ፣ ምንም አላደረግሁም!»

ወደ እኔ ዞረ። ጠቀስሁት። አየኝ፣ አየኝና ዝም አለ። ያቺ ዝምታ ናት ያጋባችን።

ስድስት ወለድን። የደላኝ እኔ ነኝ፤ እሱ ግን ስሙ ጠፋ። ሴቶች «ባሌን የሚመልስ ክታብ ጻፍልኝ» እያሉ ደጃችንን ያንኳኳሉ። የቅኔ መምህርነቱ ተራ ሲደርሰው «ይሄ ልጃገረድ በመድኃኒት የወሰደ» ብለው ለሌላ ሰጡበት።

«ለአባትሽ እውነቱን ንገሪው» ይለኝ ነበር።

«ነገ» እለዋለሁ። የሰፈሩን ወሬ ሁሉ የማዞር ሴት፣ ይቺን አንዲቷን ማውጣት አቃተኝ። አባቴ ሞተ። ዘንድሮ አያታችሁም ሄደ። ለቅሶው ላይ እንኳ ሁለት ሴቶች «ጠንቋዩ» ሲሉ ሰማሁ።

እንግዲህ ነገርኋችሁ። ተነሱ፣ ለየቤቱ አዳርሱልኝ። ምንም አልጻፈባትም፤ ወዳው ነው በሉ።