የካባው መዝጊያ ስፌት

የዝናቡን ካባ አውሬ ከዙፋኑ ላይ በሰረቀ ማግስት የሰመርዳ ምንጮች ሁሉ ደም የመሰለ አሸዋ ተፉ፤ ደመናም አገሩን ጥሎ ሸሸ። ንጉሡ ነጋሪት አስጎስመው ካባውን የሚያስመልስ ጀግና አስጠሩ። አንበሳ ገዳዩ ተጠራ፣ ኮከብ ቆጣሪው ተጠራ፣ ዋሽንት ነፊው እንኳ ሳይቀር ተጠራ። ልክ ወስዳ፣ ቆርጣ፣ ገበር አግብታ ካባውን የሰፋችውን ዘርፌን ግን «የት ወደቅሽ?» ያላት የለም።

«ደግሞ ዋሽንት ነፊ!» አለች ክሯን በጥርሷ በጥሳ። «አውሬውን ሊያስጨፍሩት ነው?»

መርፌና መቀሷን በመቀነቷ ቋጥራ፣ ሳትጠራ መጥታ ሰልፉ ፊት በበቅሎዋ ተገተረች። የንጉሡ ልጅ ሰይፈል፣ ገና ጢሙ ያላጎነቆለ፣ ሰይፉን ወደ ሰማይ አንሥቶ ይምል ነበር።

«በአባቶቼ ዙፋን እምላለሁ! ካባውን ሳልመልስ የሰመርዳን ውሃ አልቀምስም!»

«የምትቀምሰው መች ተረፈና» አለችው።

ሠራዊቱ ሳቀ። ልዑሉ ፊቱ ቀላ። «እሜቴ፣ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ መች ይታይዎታል? ቤትዎ ይቀመጡ።»

«ያንተን ልብስ የሰፋው ነው የማይታየው! ኮሌታህ ዞሯል፣ አንዱ እጅጌህ ካንዱ ይረዝማል። ይህን ለብሰህ ልትሞት ነው? አውሬው ራሱ ያፍርብሃል።»

ተከተለቻቸው። የሚናገሩ ድንጋዮች ካሉበት ሸለቆ ሲደርሱ ድንጋዮቹ «ማን ናችሁ?» ብለው ጮኹ። ጀግኖቹም ወታደሮቹም ማዕረጋቸውን ከነዘር ማንዘራቸው መደርደር ጀመሩ፤ ድንጋዮቹም በጨረሱ ቁጥር «ሌላስ?» እያሉ እዚያው አስቀሯቸው። ዘርፌ «ዝም በል፣ ድንጋይ!» ብላ አለፈች። ልዑሉም ጥቂት አመንትቶ እንደ እሷ ብሎ አለፈ። ወደ አውሬው ዋሻ የዘለቁት ሁለቱ ብቻ ሆኑ።

ሐሩራ፣ ትንፋሹ ምንጭ የሚያደርቀው አውሬ፣ ካባውን ለብሶ ቆሟል። ሰይፈል ዘሎ የጀርባውን ስፌት መታው፤ ሰይፉ ደወል የተመታ ያህል ጮኾ ተመለሰ።

«የጀርባው ለጌጥ ነው!» ጮኸች ዘርፌ። «ለተመልካች የዘመዘምኩት ነው! ካባውን አንድ ላይ የያዘው መዝጊያው ስፌት ነው፤ ብብቱ ሥር፣ ከገበሩ ውስጥ።»

«እሱን ልቁረጠው!»

«በሰይፍ? እንጨት መሰለህ? በቤታችን ወግ መዝጊያውን የምንሰፋው በገዛ ጠጉራችን፣ የዓይናችንን ብርሃን መያዣ ሰጥተን ነው። ከሰፋችው በቀር የሚተረትረው የለም። የተረተረችው ደግሞ ሁለተኛ አታይም።»

ልዑሉ ሰይፉን ዝቅ አደረገ። «አይሆንም፣ እሜቴ። ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።»

«ፈልግ! አንተ ስትፈልግ አገሩ ይለቅ። ይልቅ ክንዱን እንዲያነሣ አድርግልኝ፤ እሱን እንኳ ካወቅህበት።»

ሰይፈል ጋሻውን ከፍ አድርጎ እየተሳደበ ሮጠበት። አውሬው ሊደቁሰው ክንዱን ሲያነሣ ዘርፌ ብብቱ ሥር ገባች። ገበሩን ገልጣ ስፌቷን አየችው። እንደ ጥንቱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ከአንዱ የማይበልጥ ነበር።

«ይሄን ለማፍረስ ነው የመጣሁት» አለች በምሬት፣ መቀሷንም አስገብታ ተረተረችው።

ኮሌታው ወደቀ፣ ጀርባው ከፊቱ ተለያየ፣ እጅጌዎቹ ተንሸራተቱ። ከዚያ ወዲያ ያየችው የለም። ሰይፉ እርቃኑን በቀረው ደረት ሲሰካ፣ ሐሩራም እንደ ተናደ ገደል ሲወድቅ ሰማች።

ልዑሉ እያለቀሰ እጇን ያዘ። «የሰመርዳ እናት! አባቴ ርስት ይሰጡዎታል፤ ስምዎ በድንጋይ ይቀረጻል!»

«ከድንጋይ ጋር የነበረኝን ጨዋታ ጨርሻለሁ። ይልቅ ጨርቁን ሰብስብ። ዝናቡ የሚመጣው ካባው ሲገጥም ነው። መስፋቱን ጣቴ ያውቀዋል፤ መርፌው ግን ክር ይፈልጋል።»

«የቤተ መንግሥቱን ደንገጡሮች በሙሉ አዝዝልዎታለሁ።»

«ደንገጡር አላልኩም። የመርፌ ቀዳዳ አይታይዎትም ያልከኝ አንተ ነህ። ሰይፍህን ጣልና ተንበርከክ። እጅህን ከደሙ ጥረግ፣ የክሩን ጫፍ ምራቅ አስነካና አስገባ። ካባው እስኪያልቅ ክሬ ባለቀ ቁጥር እጠራሃለሁ፤ ዙፋን ላይ ብትሆንም ወርደህ ትመጣለህ። በል እንጂ! ቋጠሮውንም አታወፍርብኝ!»