የወረቀቱ ጀርባ

የሟቹ የእህት ልጅ እንዲህ አለ፦ «ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጋሼ ደህና ነበር። እዚህ ማተሚያ ቤት ፖስተር ሲያትም ደረስኩ፤ ትኩስ ትኩሱን እየተቀበልኩ ደረደርኩለትና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወጣሁ።»

አታሚዋ ደግሞ እንዲህ አለች፦ «ፖስተሮቹን ከጋሼ ጋር ያተምናቸው ትናንት ነው። ገመድ ላይ ሰቅለናቸው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ ጋሼንና የእህቱን ልጅ እዚሁ ትቻቸው ሄድኩ። ዛሬ ሁለት ሰዓት ስገባ ወርደው ተደርድረዋል፤ ጋሼ አውርዷቸው የሄደ መሰለኝ። አምስት ሰዓት ላይ ፊደል ፈልጌ የፊደል ክፍሉን ስከፍት ግን…»

የማተሚያ ፊደላቱ የሚቀመጡበት ክፍል መስኮት የለውም፤ በሩም ከውስጥ እጀታ የለውም። የሚገባ ሰው በሩን በግንድ ያስደግፋል። ጋሼ፣ ሽማግሌው ፊደል ቀራጭ፣ የሞተው በተደፋ የፊደል ማጠቢያ ቤንዚን ታፍኖ ነው። የበሩ ውስጠኛ ገጽ በጥፍር ተቦጫጭሯል።

የሟቹ ሚስትም የእህቱን ልጅ ቃል ደግፋለች፦ «ትናንት ቤቱ ነው ያደረው። ጠዋት ነው የወጣው።» እንደዚያ ከሆነ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ አብራው የነበረችው አታሚዋ ብቻ ናት። ፖሊሱ ካቴናውን አውጥቷል።

መርማሪዋ ግን ከፖስተሮቹ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ረጃጅም፣ ወፍራም፣ ጭራ የሌላቸው ጥቁር ፊደላት በጠባብ ወረቀት ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀዋል።

«እንዲህ ያጣበባቸው ለምንድን ነው?»

«ረጅም ቃል በአንድ መስመር እንዲገባ፣ ከመንገድ ማዶም እንዲነበብ» አለች አታሚዋ። «ሰባት ዓመት ነው በእንጨት የቀረጻቸው። ‹ታክሲ ውስጥ እንደታጨቀ ሰው ናቸው፤ ግን አንዱም አያጉረመርም› ይል ነበር።»

«ሁለት አትሚልኝ።»

ማሽኑ ተንቋቋ። መርማሪዋ ሁለቱን ወረቀቶች ደራርባ በመዳፏ ተጫነችና የላይኛውን ገለበጠችው። ጀርባው በጥቁር ፊደል ተጨማልቋል።

«ቀጭን ፊደል ቶሎ ይደርቃል። ይሄ ግን ቀለም ጠጥቶ ያድራል። አንተ ‹ትኩስ ትኩሱን ደረደርኩ› አልከኝ።» ክምሩን አንድ በአንድ ገለበጠች። ሁሉም ጀርባው ነጭ ነው። «እነዚህ ሌሊቱን ተሰቅለው የደረቁ ናቸው። ንጋት ላይ ያወረድካቸው አንተ ነህ፤ ጠዋት በሕይወት ነበረ ለማስባል። ማታ የቀራችሁት ደግሞ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ።»

የእህቱ ልጅ ግድግዳውን ተደገፈ። «እንዲሞት አልነበረም… ፊደሎቹን በስሜ ለሌላ ማተሚያ ቤት ልሰጥ ቃል ገብቼ ነበር፤ እምቢ አለኝ። እሺ እስኪል ዘጋሁበት። ቤንዚኑ መደፋቱን አላወቅኩም። ንጋት ላይ ልከፍትለት ብመጣ…» ወደ ሟቹ ሚስት ዞረ። «እትዬ፣ አንቺ ነሽ ያሳደግሽኝ። ቤቱ አድሯል ብለሻል፤ በቃልሽ ጽኚልኝ። ወረቀት ምን ይመሰክራል?»

ሴትዮዋ የተቦጫጨረውን በር አየች። ከዚያ ካቴናውን፣ ከዚያ አታሚዋን።

«‹ተጣልተን ነበር፣ ይጠረጥሩኛል› ስትለኝ አመንኩህ፣ ልጄ» አለች። ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞራ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ጻፊ። ቃሌን ቀይሬያለሁ። ባሌ ትናንት ቤቱ አልገባም።»