የተገለበጠው ቮልዩም

ማስረሻ የሞተው የተማሪውን የሐጀራን ሥራ ሲፈትሽ ነበር። ሬሳው መርካቶ ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ፣ ራዲዮና አምፕሊፋየር ከሚጠግንባት ጠባብ ክፍል ወለል ላይ ተዘርግቷል። ቀኝ መዳፉ ተቃጥሏል። ጠረጴዛው ላይ ሐጀራ የሠራችው የድምፅ መቆጣጠሪያ አለ፤ በቆርቆሮ ሣጥን ላይ የታሰረ አንድ የሚዞር ቮልዩም።

«ይቺ ናት የገደለችው» አለች ሚስቱ ያለምወርቅ ወደ ሐጀራ እያመለከተች፣ ኢንስፔክተር ሰገነት ገና በበሩ ሳትገባ። «የማታውቀውን ሽቦ ቀጣጥላ።»

ሐጀራ ሸማ ተራ ነጠላ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ጠዋት ጠዋት ማስረሻ በነጻ ያስተምራት ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ሰገነት ሣጥኑን አገላብጣ አየችው። ባትሪም ሆነ የኤሌክትሪክ ገመድ የለውም። ከስልክ የሚመጣውን ድምፅ መጥኖ ወደ አምፕሊፋየሩ ከማሳለፍ በቀር ሥራ የለውም። ከጀርባው ግን ቆርቆሮው አንድ ቦታ ላይ ጠቁሯል።

«እርስዎ የት ነበሩ?» ስትል የማስረሻን ሸሪክ ሀብተወልድን ጠየቀችው።

«ከጎን ያለው ክፍል። ሙዚቃው ከዝምታ ተነስቶ ቀስ እያለ ጨመረ። ሲወድቅ ሰማሁና ሮጬ ቀድሜ ገባሁ።»

«ወይዘሮ ያለምወርቅስ?»

«እዚሁ፣ ከክፍሉ መጋረጃ ኋላ ዕቃ ስደረድር። ሙዚቃው ሲጀምር ጆሮ ያደነቁር ነበር፤ ወዲያው እየቀነሰ ጠፋ። የወደቀውም ዕቃ መስሎኝ...»

ሰገነት ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ቮልዩም ሽቦ የሚበየድበት ሦስት እግር አለው» አለች። «ሐጀራ ሁለቱን የዳር እግሮች አቀያይራ በይዳለች።»

ከሣጥኑ ጋር በተያያዘው ስልክ ሙዚቃ ከፈተች። ቮልዩሙን ወደ ግራ ስታዞረው ሙዚቃው ክፍሉን ናወጠው፤ ወደ ቀኝ ስታዞረው ጠፋ።

«የጀማሪ ስህተት ነው፤ ሰው አይገድልም። ማስረሻ እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ሲያዞረው ድምፁ የቀነሰው ለዚህ ነው። ወይዘሮ ያለምወርቅ የሰሙት እውነት ነው። አቶ ሀብተወልድ ግን የነገሩኝ በትክክል የተበየደ ቮልዩም የሚያሰማውን ነው። ጎን ክፍል አልነበሩም። ታች፣ ሙዚቃው በገበያው ጫጫታ በሚዋጥበት ሆነው ጠበቁ፤ ከዚያ ጊዜውን ገምተው ቀድመው ገብተው ከሶኬቱ ወደ ቆርቆሮው የሳቡትን ሽቦ ነቀሉ።»

«የታለ ሽቦው?»

አብሯት የመጣው ፖሊስ የሀብተወልድን የሥራ ጋውን ኪስ ፈተሸ። ጫፉ የጠቆረ ሽቦ ወጣ።

«ሃያ ዓመት የደከምኩበትን ሙያ ለአላፊ አግዳሚው ያድላል» አለ ሀብተወልድ ጥርሱን ነክሶ። «ሰው ሁሉ ራሱ ከጠገነ እኔን ማን ይፈልገኛል? ተው ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ።»

በካቴና አስረው ወሰዱት። ያለምወርቅ ወደ ሐጀራ ተጠግታ ትከሻዋን ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

«አይንኩኝ፣ እትዬ» አለች ሐጀራ። «የባልዎ ሬሳ ሳይበርድ ነፍሰ ገዳይ ብለውኛል። ለቀብር እመጣለሁ፤ ለእሱ ስል። እርስዎን ግን አላናግርም።»

ደረጃውን ወረደች።