ውዱ ምግብ

ሰዓት ሠሪው በሦስተኛውና በሁለተኛው ፎቅ መካከል ባለው የደረጃ ማረፊያ ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ዓይናቸው ተከድኗል፤ እጃቸውም ደረታቸው ላይ ተጣምሯል። ከደረጃ የወደቀ ሰው እጁን አጣምሮ አይሞትም። ይህን ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። ሳጅኑም አውቆታል፤ ካቴናውን ከወገቡ ፈትቶ በጣቱ ያሽከረክር ጀምሯል።

«አለቃ፣ ነገሩ አልቋል» አለ፣ መርማሪዋ ገና ደረጃውን ወጥታ ሳትጨርስ። «የሽማግሌው ረዳት ናት። ቀን ቀን እየመጣች የምታበስልላቸው፣ የምታጥብላቸው ሴትዮ። ደረጃውን በበረኪና ፈትጋዋለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞተው አገኘኋቸው ትላለች፤ የደወለችልን ግን አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። በመካከሉ ምን ስትሠራ ነበር? ስንጠይቃት ዝም። ድርቅ ያለች ሴት!»

«ቆይ» አለች መርማሪዋ።

ይህች «ቆይ» ናት በጣቢያው ስም ያወጣችላት። ፊት ለፊት «አለቃ» ይሏታል፤ ዞር ስትል ደግሞ «ወይዘሮ ቆይ»። ታውቃለች፤ አትከፋም። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ የተማረችው ነገር ቢኖር፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ መሆኑን ነው። ሥሩ ደግሞ ለችኩል ሰው አይታይም።

ጎንበስ ብላ አስከሬኑን አየች። የሸሚዙ ቁልፎች አንድ ቀዳዳ ዘለው ተቆልፈዋል። ቀበቶው በሦስተኛው ቀዳዳ ታስሯል፤ ቆዳው በዓመታት ልማድ የሰፋው ግን አራተኛው ላይ ነው። የሱሪውን እግር ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ሰበሰበች። ጉልበታቸው ክፉኛ ተልጧል። ሱሪው ግን ቀዳዳም የደም ነጠብጣብም የለበትም።

«ሱሪው ሳይነካ ጉልበት እንዴት ይላጣል?»

ሳጅኑ ካቴናውን ማሽከርከሩን አቆመ።

«ከወደቁ በኋላ ልብሳቸው ተቀይሯል» አለች። «ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ። እኚህ ሰው ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ እንጂ ሌላ አይለይም ብላችሁኛል። ረዳታቸው ሳትመጣ ከበራቸው ወጥተው አያውቁም። ዛሬ በማለዳ ምን አስወጣቸው?»

መልሱ ከሟቹ እግር ሥር ተኝቶ ነበር። ደቂቃ ትባላለች፤ አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ቡናማ ውሻ። ለሰዓት ሠሪ ውሻ ከዚህ የተሻለ ስም ማን ያገኛል? የመውጫ ገመዷ አሁንም አንገቷ ላይ ነው። ልትነሳ ሞከረች፤ የኋላ እግሮቿ ተንቀጠቀጡና መልሳ ተኛች።

«ይህች ውሻ ታማለች» አለች መርማሪዋ። «የእንስሳት ሐኪም ጥሩልኝ።»

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሁለተኛው ፎቅ ነዋሪ የሆነውን የጥርስ ሐኪም ነው። በደቂቃ ጩኸት ምክንያት ለሕንፃው ኮሚቴ ሦስት የአቤቱታ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ነው። አሁን ግን ፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆሟል።

«አንድ ቀን እመርዛታለሁ ብለው ነበር አሉ፣ ዶክተር።»

«ብያለሁ። አፍ ነው እንግዲህ፤ አፍ ብቻ። እኔ ጉንዳን እንኳ አልገድልም።»

«ዛሬ ማለዳ ምን ሰሙ?»

«ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ውሻይቱ ስታላዝን ሰማሁ። የሰርክ ጩኸቷ አይደለም፤ ልመና ነገር ነው። ከዚያ የሆነ ነገር ደረጃው ላይ ወደቀ።»

«እርስዎስ ምን አደረጉ?»

የጥርስ ሐኪሙ ወለሉን አየ። «ትራሱን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ» አለ። «አሥራ አምስት ዓመት ጎረቤቴ ነበሩ። ትራስ አደረግሁ!» ድምፁን አስተካከለ። «በኋላ ረዳታቸው በባልዲ ውሃ ስትመላለስ ሰማሁ፤ አራት ጊዜ። እየፈተገች ታለቅስ ነበር። የገደለ ሰው እንደዚያ ያለቅሳል?»

«ያለቅሳል» አለች መርማሪዋ። እውነቷን ነው፤ ብዙ አይታለች።

ረዳቷ ወጥ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ እጇ በበረኪና የነጣ፣ ጥቁር ሻርፕ የለበሰች ሴት ናት። ከእሷ ጀርባ፣ እቃ ማድረቂያው ላይ፣ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ተደፍቶ ውሃው ይንጠባጠባል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የደቂቃ ምግብ ማስቀመጫ።»

«ምግቡስ?»

«አልቆ ነበር።»

«እህቴ፣ አስከሬን ደረጃ ላይ ተዘርግቶ ባዶ ቆርቆሮ ማጠብ ምን አስቸኮለ?»

ረዳቷ የነጣ እጇን በሻርፗ ሸፈነች።

«ልብሳቸውን የቀየርሽው አንቺ ነሽ?»

የሴትየዋ እንባ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። «እሰሩኝ» አለች። «ሌላ የምናገረው የለኝም። ብቻ ቶሎ እሰሩኝና ይለቅ።»

መርማሪዋ የውሻዋን መኝታ አነሳች። ከሥሩ አንዲት ደረቅ ፍሬ አገኘች፤ ትንሽ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ አሳ አሳ የምትሸት። በመሀረቧ ጠቅልላ ኪሷ ከተተቻት።

የሟች ልጅ ከእንግዳ ማረፊያዋ ደርሳ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። የአባቷ የሥራ ጠረጴዛ አጠገቧ ነው፤ ወረንጦዎቹና ጥቃቅን መፍቻዎቹ በቁመታቸው ተደርድረዋል። ሽማግሌው ዓይናቸው ከደከመ በኋላም ሰዓት በዳሰሳ ብቻ ፈትተው ይገጥሙ ነበር።

«ከመጣሁ አራት ቀኔ ነው» አለች። «ከስድስት ዓመት በኋላ። እናቴ ስትሞት አልደረስኩም። ሥራ አልለቅ አለኝ አልኳቸው። እውነቱ ግን ሞቷን ማየት ፈርቼ ነው። እሱን ደግሞ አባቴ ያውቃሉ። አኮረፉኝ።»

«አሁን ስትመጪ ተቀበሉሽ?»

«በር ከፈቱልኝ። ከዚያ ያለፈ የለም። ሹራብ አመጣሁላቸው፤ አልፈልግም። ጫማ፤ አልፈልግም። ከእኔ እጅ ምንም አይነኩም።» እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ስለዚህ ለደቂቃ አመጣሁ። ከሱቁ ሁሉ ውዱን የውሻ ምግብ። 'ውሻዬ አሥራ አንድ ዓመት በርካሹ ኖራለች፤ ውድ ሁሉ ጥሩ አይደለም' አሉኝ። ካልተሻለ ለምን ይወደዳል አልኳቸው። ተከራከርን። በስድስት ዓመት ውስጥ ረጅሙ ንግግራችን ይኸው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ሲያሸልባቸው ርካሹን ደፋሁና ቆርቆሮውን በውዱ ሞላሁት። አያዩም ብዬ። ዛሬ ተመላሽ ነበርኩ፤ ጊዜ አልነበረኝም። የደቂቃ ጸጉር ሲያምር፣ ስትወፍር፣ የምታበስልላቸው እትዬ ትነግራቸዋለች፤ ያኔ ያነሱኛል ብዬ ነው።» ይህን ስትል በሐዘኗ መካከል ፈገግ ለማለት ቃጣት።

መርማሪዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ደቂቃን መረመራት። «መርዝ የለም» አለ። «ሆዷ ተበላሽቷል፤ ክፉ ተቅማጥ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ትድናለች።»

መርማሪዋ ፍሬዋን አሳየችው። «ይሄ ነው?»

«ይሄማ ምርጥ ምግብ ነው።»

«ከርካሹ ይሻላል?»

«ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው» አለ ሐኪሙ በረጅሙ እየተነፈሰ። «ለአንዱ ውሻ ውዱ ይስማማዋል፣ ለሌላው ርካሹ። እሷን ርካሹ አሥራ አንድ ዓመት አቁሟታል። የሚጎዳው በአንድ ጊዜ መቀየሩ ነው፤ ያረጀ ሆድ አይችለውም። አዲሱን ከድሮው ጋር እየቀላቀሉ ባሥር ቀን ማለማመድ ነበር። ከረጢቱ ጀርባ ላይ ተጽፏል፤ ግን ማን ያነበዋል? የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ።»

አሥር ቀን። ልጅቷ የነበራት አራት ብቻ ነው። መርማሪዋ ደረጃው ላይ ብቻዋን ጥቂት ቆመች። ብትናገር አንዲት ልጅ ልቧ ይሰበራል። ዝም ብትል ያለ ጥፋቷ የምትታሰር ሴት አለች፤ ሳጅኑ ካቴናውን ይዞ በር ላይ ይጠብቃል። በሥራዋ ዘመን ሁሉ «ቆይ» ማለት እንዲህ አምሯት አያውቅም። ግን ተመልሳ ገባች።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ረዳቷ፣ ልጅቷ፣ የጥርስ ሐኪሙና ሳጅኑ ተቀመጡ፤ ደቂቃ ምንጣፉ ላይ ተኝታለች።

«ሰው የገደለ ሰው እዚህ የለም» ብላ ጀመረች። «ሰዓት ሠሪው ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ውሻቸው ስታላዝን ሰሙ። ሆዷ አሟት መውጣት ፈልጋለች። ረዳታቸው ልትደርስ ሩብ ሰዓት ቀርቷል። ቢታገሱ ኖሮ! ግን ልመናዋን አልቻሉም፤ ገመዷን አሰሩና ወጡ። ውሻዋን ደረጃው ላይ ተቅማጡ አመለጣት። እሳቸው ደግሞ አያዩም፤ ረገጡት፣ አዳለጣቸው።»

የጥርስ ሐኪሙ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ረዳታቸው መጣች። ሞተዋል። እኚህ ሰው ቁልፋቸውን ሳያስተካክሉ እንግዳ የማይቀበሉ፣ ንጹህ ሰው ነበሩ። አሁን ግን ከአንገት እስከ እግር በውሻ ቆሻሻ ተለውሰዋል። ጎረቤት ሊያያቸው ነው፤ ፖሊስ ሊያያቸው ነው። ስለዚህ አጠበቻቸው። የታጠበ ሱሪና ሸሚዝ አለበሰቻቸው። ሰው ሳይደርስ ለመጨረስ ስለቸኮለች ቁልፉን አዛነፈችው፤ ቀበቶውንም ሳተችው። ደረጃውን የፈተገችውም ለዚሁ ነው። ተሳስቻለሁ?»

«ጋሼን እንደዚያ ሆነው ማንም እንዲያያቸው አልፈለግሁም» አለች ረዳቷ፤ ድምፅዋ በጭንቅ ነው የተሰማው።

ሳጅኑ ግን አልተዋጠለትም። «ይሄን ለመናገር ምን ያስፈራታል? እሰሩኝ ማለትስ ምን አመጣው?»

መርማሪዋ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ረዳቷ ብድግ አለች። «በእመቤቴ ይሁንብዎ፣ እዚህ ላይ ይቁም! ሞታቸውን እኔ ላይ ያድርጉት። እኔ ልጅ የለኝ፣ የሚያዝንብኝ የለኝ። እዚህ ላይ ይቁም!»

ልጅቷ ቀና አለች።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «ቆርቆሮውን ለምን አጠብሽው?»

ረዳቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ከረጢቱስ? ትናንት ወጥ ቤት ነበር። የት አደረግሽው?» ደሟ ከፊቷ ሲሸሽ ይታያል። ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ደቂቃን ምን አመማት?»

አሁን መዋሸት ይቻል ነበር። መርማሪዋ አልዋሸችም። «ምግቧ በድንገት ስለተቀየረ ነው» አለቻት። «ምግቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም። እትዬ ነገሩ ወዲያው ገብቷታል። ቆርቆሮውን ያጠበችው፣ ከረጢቱንም የደበቀችው አንቺ እስከ ዕድሜሽ ፍጻሜ እንዳታውቂ ብላ ነው። ለዚህ ብላ ልትታሰር ነበር።»

ልጅቷ እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው።

«ደብቄ» አለች በመጨረሻ። «ደብቄ ገደልኳቸው። ምን እንደሰጠኋቸው እንኳ ሳያውቁ።»

«አውቀዋል» አለች ረዳቷ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። መርማሪዋም ጭምር፤ ይህን እሷም አልደረሰችበትም ነበር።

«ማታ እኔ ልሄድ ስነሳ፣ ሊሰፍሩላት እጃቸውን ቆርቆሮው ውስጥ ከተቱ» አለች ረዳቷ፣ መጥታ ልጅቷ ፊት ወለሉ ላይ እየተቀመጠች። «ያ ጣት ይህን ይስታል? አንዷን ፍሬ ይዘው ሲያገላብጧት ቆዩ። ጋሼ ልድፋው ወይ አልኳቸው። 'ተዪው' አሉኝ። 'ሙሉ አድርጊላት። አላወቁም ብላ ታስብ፤ ደስ ይበላት' አሉኝ።»

«ተቆጥተው ነበር?»

«ሲስቁ ነበር። እናትሽ ካለፈች ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ማታ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ 'ያቺ' ነበር የሚሉሽ። ያቺ ደወለች፣ ያቺ ደብዳቤ ላከች። ማታ ግን ደቂቃ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ ጀርባዋን እያሻሹ፣ 'ብዪ፤ ልጄ ናት ያመጣችልሽ' አሏት።»

ያኔ ነው የልጅቷ እንባ የመጣው። «አባዬ» ብላ በረዳቷ ትከሻ ላይ ተደፋች። ሳጅኑ ካቴናውን ኪሱ ውስጥ ከቶ ወጣ፤ የጥርስ ሐኪሙም ተከተለው። መርማሪዋ ሰው እንዳይገባባቸው በሩ ላይ ቆመች።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ልጅቷ ቀና አለች። «ድገሚልኝ» አለች። «እሳቸው እንዳሉት አድርገሽ።»

ረዳቷ ደገመችላት። ልጅቷ እንደገና ጠየቀቻት፤ ረዳቷም እንደገና ነገረቻት።