የካርዱ የድሮ ስም

ይኼን ውሸት ነው የሚል ካለ ውጫሌ መጥቶ ይጠይቅ። ወላሂ የሆነ ነገር ነው።

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ባለፈ በዓመቱ ነው... የዐስር ሶላት ተሰግዶ፣ ፀሐይ ገና ሳትበርድ።

ጠሃ በለውጡ ሰሞን ከጂዳ ተመልሶ ውጫሌ ላይ ኢንተርኔት ቤት የከፈተ ልጅ ነው። ጨዋታ አዋቂ ነበር። ስልኩ የሱቁን ዋይፋይ ሲያገኝ ኮምፒውተሩ «ጠሃ ገባ»፣ ሲርቅ ደግሞ «ጠሃ ወጣ» ብሎ እንዲጽፍ ፕሮግራም ሠርቶ እናቱን ያስቃት ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ የሚሸሹ ጎረቤቶችን ወደ ሐይቅ ከተማ ላድርስ ብሎ ሄደ። ኮምፒውተሩም ያን ቀን «ጠሃ ወጣ» ብሎ ጻፈ።

በዚያው ቀረ... ሬሳውም አልተገኘም።

እናቱ ኡሙሀኒ የሙት ሶደቃ አላወጣም አለች። «ያላየሁትን ሞት አልቀበልም! ሲገባ ማሽኑ ይነግረኛል» ብላ ቀን ቀን እዚያው ስክሪኑ ፊት ትውላለች። አይ እናት! አንጀት ትበላ ነበር።

አንድ ቀን እህቱ ራዚያ ኮምፒውተሩን አፕዴት አደረገችው። ሊኑክስ ነው የተጫነበት፤ አድሺኝ አድሺኝ እያለ ቢያስቸግራት ጊዜ ምን ታድርግ? ተነሥቶ ሲመጣ ግን ፕሮግራሙ ስልኩን የሚያይበት የኔትወርክ ካርድ ስም ተቀይሯል። eth0 የነበረው enp3s0 ሆኗል። የጠሃ ፕሮግራም የሚያውቀው ደግሞ የድሮውን ስም ብቻ ነው።

ፕሮግራሙ ዝም አለ።

ከዚያ ወዲያ ነው እንግዲህ...

ጠሃ መለሎ ነበር። ራዚያ ማታ የኮምፒውተሩን ወንበር ለራሷ ዝቅ አድርጋ ሱቁን ትዘጋለች፤ ጠዋት በሱ ልክ ከፍ ብሎ ታገኘዋለች። ቁልፉ ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው።

ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም። ኑርሁሴን የሚባል ባለሙያ ከደሴ አስመጣች።

«ፕሮግራሙን በአዲሱ ስም ላስተካክለው፤ ቀላል ነው» አለ።

«የልጄን የእጅ ሥራ እንዳትነካ!» አለች ኡሙሀኒ። «የድሮውን ስም መልስልኝ።»

«እሺ እናቴ።»

የኮምፒውተሩ ማስነሻ ትእዛዝ ላይ net.ifnames=0 ብሎ ጻፈና ማሽኑን አጥፍቶ አስነሣው። eth0 ተመለሰ። ፕሮግራሙም ነቃ።

ሦስቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ...

«ጠሃ ወጣ።»

ኑርሁሴን እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ።

«ራዚያ...» አለ በሹክሹክታ። «ይሄ እኮ እንደገና ሳይገባ፣ ወጣ አይልም።»

«ዝም በል! እንዳትሰማ...»

ሰምታለች።

«ገብቶ ነበር?» አለች ኡሙሀኒ። «መቼ? እኔ እዚህ ተቀምጬ... ልጄ አጠገቤ ነበር?»

ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ፣ «በሉ... በሥጋው ቢሆን ባየሁት ነበር። ሶደቃውን አውጡለት» አለችና ወደ በሩ አዘገመች።

የበሩ መጋረጃ ወደ ጎን ተገለጠ። ነፋስ የለም። ደጁ ላይ ሰው የለም።

እንባዋ ጋርዷት፣ ደፉን በእግሯ እየፈለገች፣ ቀስ ብላ እስክታልፍ ድረስ መጋረጃው እንደተያዘ ቆየ...

ከዚያ ተለቀቀ።